ሞተሩ እንዴት ይክረም?

ባሕር ዳር ላይ ሰኔ ሲጋመስ ሁለት ዓይነት ሞተር ሥራ ይፈታል። አንዱ የጣና ጀልባ ሞተር ነው፤ ጎብኚው ይቀንሳል፣ ሐይቁ ይናወጣል፣ ሥራ ያነሰበት ባለ ጀልባም ሞተሩን ነቅሎ ቤት ያስገባል። ሌላው መሬት ላይ ቆመው በሬዲዮ የሚያበሩት የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ነው። ይኼኛውን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ ዋጋው ደግሞ በተማሪ ኪስ የሚደፈር አይደለም። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ቆመው ነው።

ይህን ከልምድ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ፔዳ አካባቢ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በጀልባ ሞተር ላይ ያሳለፉ መካኒክ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ በረንዳቸው ላይ ሞተር ሲፈቱ ይውላሉ። ሙያውን የቀሰሙት ፖሊ ቴክኒክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፍቶ፣ በ2000 ደግሞ ተማሪው ሁሉ ፔዳ ከሚለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ካስገኘው ተቋም። ጠያቂያቸው የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ናት። ውጭ አገር የሚኖር አጎቷ የላከላትን ባለ 7.5 ሲሲ የጃፓን ኦ.ኤስ. ሞተር በጨርቅ ጠቅልላ መጥታለች። አውሮፕላኑ የማብረሪያ ፈቃድ ስለሚጠብቅ ገና አልተነሣም፤ እሷ ግን ሞተሩን ጣውላ ላይ አስራ አልፎ አልፎ ታስነሣዋለች። ዝናቡ ሳይከብድ ማወቅ የፈለገችው ሦስት ወር ሳይነካ የሚቀመጥ ሞተር ምን እንደሚደረግለት ነው።

«ጋሼ፣ አብሮት የመጣው መመሪያ የሚያወራው ስለ በረዶና ስለ ብርድ ነው። ባሕር ዳር በረዶ የለም። ዘይት ሳላደርግበት ብተወው ምን ይሆናል?»

«ከእነሱ ይበልጥ ለአንቺ ነው የሚያስፈልገው» አሏት። «እነሱ ዘንድ ቅዝቃዜው ሲጠና አየሩ ይደርቃል፤ ቤታቸውንም ማሞቂያው ያደርቀዋል። አንቺ ያለሽው ሐምሌን ሙሉ የታጠበ ልብስ አልደርቅ የሚልበት ከተማ ነው።»

ነገሩ በቁጥርም ይታያል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ አብላጫው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጎኗ ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ አለ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ቀን ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ይሞቃል፤ በሆዱ ያለው አየር ሰፍቶ በካርቡራተሩና በማርሚታው ቀዳዳ ይወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሌላ አየር ይገባል፤ እርጥበቱን ይዞ። ብረቱ ከአየሩ ቀድሞ ከቀዘቀዘ እርጥበቱ ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ይህ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ይደጋገማል።

ሽማግሌው ጨርቁን ፈትተው ሞተሩን ወደ ብርሃን አቀረቡ። ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ አዞሩት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው እንደገና አዞሩት። ዘንጉ ከአሉሚኒየሙ አካል በሚወጣበት ቦታ፣ ከፊተኛው ኩሽኔታ ሥር፣ አንዲት የዘይት ጠብታ አቅርራለች። በነጭ ሶፍት ነኳት። ሶፍቱ ላይ የቀረው ቀለም ቀላ ያለ ቡናማ ነበር።

«ዝገት ጀምሮታል» አሉ።

«አንድ ቀን እንኳ ያልበረረ ሞተር?»

«መጨረሻ ያስነሣሽው መቼ ነው?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት። ስሮትሉን ዘግቼ አጠፋሁት፤ በደንብ ጠርጌ አስቀመጥሁት።»

«የጠረግሽው ውጭውን ነው። ውስጡ የቀረው ነዳጅስ?»

የዚህ ሞተር ነዳጅ ቤንዚን አይደለም። ዋናው ሜታኖል ነው፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ዘይት ይቀላቀልበታል፤ ብዙ ጊዜም ከ5 እስከ 15 በመቶ ናይትሮሜቴን ይጨመራል። ሜታኖል ደግሞ ውኃን ከአየር ይስባል። ሞተሩ ሲጠፋ ከፒስተኑ ሥር የቀረው ጥቂት ነዳጅ ክፍት በሆነው ካርቡራተር በኩል እርጥበት እየጠጣ ይቀመጣል፤ ናይትሮሜቴኑ ሲቃጠል የተወው አሲድም አብሮት አለ። አካሉ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ ክሮም ወይም ኒኬል የተለበጠ ናስ ስለሆነ እነዚህ ቶሎ አይጎዱም። መከራውን የሚያየው ኩሽኔታው ነው። ኳሶቹም ኳሶቹ የሚሮጡበት መስመርም ጥርት ተደርጎ የተወለወለ ብረት ነው። እዚያ ላይ ያረፈች ለዓይን የማትታይ የዝገት ነጥብ ሞተሩ ሲነሣ ወደ ጉድጓድነት ትሰፋለች፤ ኳሱ ጉድጓዱን በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይረግጠዋል። መጨረሻ ላይ ኳሶቹን አራርቆ የሚይዘው ቀለበት ይሰበራል፤ ስባሪው ወደ ውስጥ ገብቶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፈጨዋል። የአንድ ኩሽኔታ ጉዳት የሙሉ ሞተር ጉዳት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ተማሪዋ ግን በቀላሉ አልተረታችም። «ነዳጁ ውስጥ እኮ እስከ 20 በመቶ ዘይት አለ። እሱ ምን ሊሠራ ነው?»

«ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይጠብቀው ነበር። አሁን ግን ሜታኖልና ውኃ አቅፎ ነው የተቀመጠው። በነዳጅ ዘይት ተማምኖ ሞተር የሚያስቀምጥ ሰው ውኃውንም አብሮ ነው የሚያስቀምጠው።»

«እርስዎ በሚሠሯቸው የጀልባ ሞተሮች ላይ ዘይቱ 2 በመቶ ነው፤ ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር። ለዚች ለትንሿ ይህ ሁሉ ለምን ተፈለገ?»

ጥያቄው አስደሰታቸው። ሁለቱም ባለ ሁለት ስትሮክ ናቸው፤ የዘይት ቋት የላቸውም፤ ዘይታቸው የሚደርሳቸው በነዳጁ ነው። ልዩነቱ ትንሿ በአየር ብቻ የምትቀዘቅዝና እጅግ የምትፈጥን መሆኗ ላይ ነው። ዘይቱ ከማለስለስ ሌላ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፤ አብዛኛውም ሳይቃጠል በማርሚታው በኩል ይተፋል፤ የሞዴል አውሮፕላን ክንፍ ከበረራ በኋላ በዘይት የሚጨማለቀው ለዚህ ነው። ሜታኖሉም ለብቻው የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ አንድ ኪሎ ሜታኖል 6.5 ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ለተመሳሳይ አየር የሚጠጣው ነዳጅ ከእጥፍ ይበልጣል።

«እሺ፤ ዛሬ አስነሥቼው ላጠፋው ነው እንበል። ከየት ልጀምር?»

«ከማጥፋቱ ጀምሪ። ስሮትሉን ዘግተሽ አታጥፊው። እየሠራ እያለ የነዳጁን ቱቦ ቆንጥጠሽ ያዢ፤ ውስጡ ያለውን አቃጥሎ ጨርሶ ራሱ ይጥፋ። ታንኩን ገልብጠሽ አራግፊ። ከዚያ ካንዴላውን በባትሪ አግለሽ በማስነሻው አዙሪው። እፍ እፍ ካለ ገና ነዳጅ ቀርቶታል፤ ዝም እስኪል ድገሚው።»

ካንዴላው ላይ ቆም አሉ፤ ከመኪናው ይለያልና። የመኪና ካንዴላ ለእያንዳንዱ ቃጠሎ የእሳት ብልጭታ ይሰጣል። የዚህኛው ሆድ ውስጥ የተጠመጠመች የፕላቲነም ሽቦ አለች፤ ለማስነሻ በባትሪ ትግላለች፤ ሞተሩ አንዴ ከተነሣ ባትሪው ቢነቀልም በየዙሩ የሚቃጠለው ነዳጅና ሜታኖሉ ከፕላቲነሙ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሙቀት እንደጋለች ያቆዩዋታል።

«አሁን ባትሪውን አንሺና ካንዴላውን ፍቺ» ሲሉ ቀጠሉ። «ስሮትሉን ሙሉ በሙሉ ከፍተሽ በካርቡራተሩ አምስት ስድስት ጠብታ ዘይት ጨምሪ፤ በካንዴላው ቀዳዳም እንዲሁ። ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍኚው፤ አለዚያ ፊትሽ ላይ ይተፋብሻል። በማስነሻው ለጥቂት ሰከንድ አዙሪው። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ታች አድርገሽ ያዢው፤ የፊተኛው ኩሽኔታ ድርሻውን ያግኝ። ሦስት ወር የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የኋላ ክዳኑን ፈትተሽ ኋለኛውን ኩሽኔታ በቀጥታ አጠጪው። ትልቁ እሱ ነው፤ ቀድሞ የሚዝገውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ የምታደርጊው ሞተሩ ገና ሞቅ እያለ ነው። ነገ አይባልም።»

የጀልባ ሞተር መካኒኮችም ክረምቱ ሲገባ የሚያደርጉት ከዚህ አይርቅም። ማቀዝቀዣው ንጹሕ ውኃ እያገኘ ሞተሩን ያስነሡና የነዳጁን መስመር ይነቅላሉ፤ ሊጠፋ ሲል በካርቡራተሩ በኩል ዘይት ይረጩበታል። ካንዴላዎቹን ፈትተው ሲሊንደሮቹን ያጠጣሉ። የታችኛውን የካምቢዮ ዘይት አውጥተው ያዩታል፤ ወተት መስሎ ከወጣ በዘንጉ ማገጃ ጎማ በኩል ውኃ ገብቷል ማለት ነው። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ከባሕር ይሻላል፤ ነገር ግን ክረምት ላይ ገባር ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል የውኃ ፓምፑን ጎማ ይበላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ መግቢያ ይደፍናል። ሽማግሌው ፓምፑን ሳያዩ ሞተር አስቀምጠው አያውቁም።

«የትኛው ዘይት ነው የሚሻለው? ሞተሮቹ በሚሸጡበት አገር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አለ፤ እዚህ ግን አይገኝም።»

«የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የትም አለ። ቀጭን ነው፤ ጠባብ ቦታ ይገባል፤ ዝገት የሚከላከል ቅመምም አለበት። በአየር ለሚሠሩ መፍቻዎች የሚሆነው ዘይትም ጥሩ ነው። ከሲሊኮን ቱቦው ግን አርቂው፤ ሲሊኮን የሜታኖል ወዳጅ ነው፤ የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል።»

«ደብልዩ ዲ 40 ቢሆንስ?»

«እሱ ስሙንም ያገኘው ውኃ በማባረሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሠራ የተፈለገው ለዚያ ነበር። መጀመሪያ ውኃውን አስወጪበት፤ ከዚያ ዘይቱን አስከትይ። ብቻውን ትተሽው ብትሄጂ ግን ጳጉሜ ሳይደርስ ተንኖ የሚቀረው ስስ ነገር ነው።»

ተማሪዋ ፈገግ አለች። «ጉሎ ዘይትስ? መመሪያው ከነዳጁ ዘይት ውስጥ የተወሰነው ጉሎ ቢሆን ይመረጣል ይላል። ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ ሥር ነው የሚበቅለው። እናቴ ምጣድ የምታሰሰው በሱ ነው።»

የምጣዱ ነገር ከጥያቄዋ የራቀ አይደለም። ጉሎ የምሥራቅ አፍሪካ ተክል ነው። ፍሬው ተወቅጦ የጋለ ምጣድ ሲታሽበት ዘይቱ በሙቀቱ ጠንክሮ ምጣዱ ላይ ለስላሳ ሽፋን ይሠራል። ሞተር ውስጥም ያው ነው። ሌሎች ዘይቶች ተቃጥለው በሚያልቁበት ሙቀት ጉሎ ይወፍርና ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል ፒስተኑን የሚያተርፈው ይህ ጠባዩ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ ሶፕዊዝ ካሜል ያሉ አውሮፕላኖች ሞተር የሚለሰልሰው በጉሎ ዘይት ነበር። ሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው በሚሽከረከሩባቸው በእነዚያ ሞተሮች ቤንዚኑ የሚያልፈው በሞተሩ ሆድ በኩል ስለነበር፣ ቤንዚን በቀላሉ የማያሟሟው ዘይት አስፈልጓቸዋል። በሜታኖል ግን ጉሎ በደንብ ይሟሟል፤ ለሞዴል ሞተር የተመቸውም ለዚህ ነው።

«ታዲያ እንደሱ ከሆነ ለማስቀመጫም...»

«ለማስቀመጫ አይሆንም» አሏት ሳያስጨርሷት። «ሲሠራ የሚጠቅመው መጣበቁ ሲቀመጥ ጠላት ነው። ሦስት ወር የቆየ ጉሎ ሙጫ ይሆናል፤ መስከረም ላይ ፒስተኑ ንቅንቅ አልል ይልሻል። ደግሞ ገበያ ላይ ያለው የተጨመቀ ጉሎ ለሞተር ተብሎ የተጣራ አይደለም፤ ዝቃጭ አለው። ፍሬውን ቤትሽ ልጭመቀው እንዳትዪ፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ በሚቀረው ዝቃጭ ውስጥ ያለው መርዝ ሰው ይገድላል።»

ቀጥሎ የተነሣው የማስቀመጫው ነገር ነው። ተማሪዋ ሞተሩን በፌስታል ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ልታስቀምጠው አስባ ነበር። ፌስታል አብሮት የተዘጋውን እርጥበት ይዞ ሌሊት ያልባል፤ ይህን ስትሰማ በፎገራ ሩዝ ውስጥ ብትቀብረውስ ብላ ጠየቀች፤ ውኃ የገባበት ስልክ እንደሚደረገው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለምግብ የተዘጋጀ ሩዝ ራሱ ከክብደቱ 13 በመቶ ያህል ውኃ አለው፤ ክረምት ላይ የሚስበው እምብዛም ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ ዘይት ከነካው ኩሽኔታ ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል። ይልቅ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጋ፣ ከጫማና ከመድኃኒት ካርቶን የሚወጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስባ አብራ እንድትከት መከሯት። ጄሉ ሲጠግብ አውጥቶ በአንድ መቶ ሃያ ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ቢደርቅ ተመልሶ ያገለግላል፤ ከረጢቱ ሙቀት የማይችል ከሆነ ጄሉን ለብቻው በሳህን ማድረቅ ነው። ካርቡራተሩና ማርሚታው አፋቸው ይደፈን። ዕቃው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከቆርቆሮው ርቆ ይቀመጥ።

«ፒስተኑን ደግሞ ታች አውርደሽ አስቀምጪው» አሉ። «የዚህ ሲሊንደር ወደ ላይ እየጠበበ ነው የሚሄደው። ሲግል የላይኛው ጫፍ ይሰፋና ቀጥ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ፒስተኑን ጨምቆ ይይዘዋል። ወር ከወር ተጨምቆ ይቀመጥ ዘንድ ምን አጠፋ?»

ይህ ጥበት የሚሰማው በጥር ማለዳም ነው። የባሕር ዳር ሌሊት በጥር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሜታኖል እሳት ለመያዝ የሚበቃ እንፋሎት የሚሰጠው ከ11 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ ማለዳ ላይ ባትሪው ሙሉ፣ ካንዴላው የጋለ ሆኖ ሳለ ሞተሩ አልነሣ ይላል። ብዙ ሰው ነዳጅ ጨምሮ ያጥለቀልቀዋል። በቀዝቃዛ አገር ያሉ አብራሪዎች የሲሊንደሩን ራስ በፀጉር ማድረቂያ ያሞቁታል። ያን ጊዜ ጥበቱም ይለቃል፣ ነዳጁም ይተናል፣ ቢየላው ላይ የሚደርሰው ጫናም ይቀንሳል። ባሕር ዳር ላይ ረፋዱ እስኪሞቅ አንድ ሰዓት መጠበቅም ያው ሥራ ይሠራል።

«የኔው ዝጎ የለ? እሱን ምን ላድርገው?» አለች ተማሪዋ፣ ሶፍቱን እያየች።

«ኩሽኔታውን ትቀይሪያለሽ። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ እጠቢው፤ አድርቂው፤ አሁንም በጣትሽ ስታዞሪው ኮረኮንች ከተሰማሽ አበቃለት። ዘይት የተቦረቦረ ብረት አይሞላም።»

አወጣጡ ብልሃት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ካርቡራተሩ፣ ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑና ዘንጉ ከወጡ በኋላ የቀረው የአሉሚኒየም አካል በምድጃ እስከ 150 ዲግሪ ይሞቃል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ኩሽኔታው መያዣው ይለቀዋል፤ አካሉን ጣውላ ላይ ኳ ሲያደርጉት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይወድቃል። አዲሱ ሲገባም እንዲሁ አካሉ ይሞቃል። በመዶሻ የውስጡን ቀለበት መምታት ክልክል ነው፤ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ አዲሱን መስመር ይወጋዋል። ኩሽኔታ ደግሞ በዓለም ሁሉ ቁጥሩ አንድ ነው፤ ጎኑ ላይ 608 የሚል ካለበት የውስጥ ቀዳዳው 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጃፓን ተሠራ ስዊድን ለውጥ የለውም። ስለዚህ የሞተሩ ሻጭ ሩቅ ቢሆንም ቁጥሩን ጽፎ ወይም በካሊፐር ለክቶ ከኩሽኔታ መሸጫ መጠየቅ ይቻላል፤ ለፍጥነቱ የሚመጥን መሆኑን ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወሬው ወደ ነዳጁ መርፌ ሲዞር ከፍታው ተነሣ። በ1,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር እዚህ ሲነሣ አየር ያንሰዋል፣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ይንተባተባል። መርፌውን ትንሽ መዝጋት ያስፈልጋል። ጉልበቱ ግን አይመለስም፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሽማግሌው ምሳሌ ያደረጉት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውንና በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችውን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ነው። ሞተሯ በወረቀት 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ በዚህ ስሌት ሩብ ያህሉ ይጎድላል።

«መተማ ብወስደውስ?»

«ያኔ ትከፍቺዋለሽ። ቆላ ወርደሽ የባሕር ዳሩን መርፌ ይዘሽ ብታስነሺው ነዳጅ ያንሰዋል፤ ከነዳጁ ጋር ዘይቱም ያንሳል። ባለ ሁለት ስትሮክ ነዳጅ ሲጠማው ዘይትም ነው የሚጠማው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ነው ፒስተን የሚያቃጥለው።»

ተማሪዋ በመጨረሻ ያቆየችውን አመጣች። ጓደኞቿ ይህን ሁሉ ጣጣ ትተሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ግዢ ይሏታል፤ ድሮን የሚነዳው እሱ ነው፣ ነዳጅ የለው፣ ካንዴላ የለው። ሽማግሌው አልተከራከሯትም። ብሩሽ የሌለው ኤሌክትሪክ ሞተር የሚፋተግ ነገሩ ኩሽኔታው ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ግን እሱም ይዝጋል። በየኩሽኔታው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ወፍራም ግራሶ ያደክመዋል፣ የተረፈ ዘይት ደግሞ አቧራና የብረት ብናኝ ይዞ ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል። ብሩሽ ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነ ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ክፍል ላይ ዘይት ጨርሶ አይደርስም። ከሞተሩ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ባትሪው ነው። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ይይዛል፤ እንደሞላ ሦስት ወር ቢቀመጥ ያብጣል፣ ባዶውን ቢቀመጥ ይሞታል። ማስቀመጫው 3.8 ቮልት አካባቢ ነው፤ በየወሩ መለካት፣ ከሚቀጣጠል ነገር ማራቅ።

«እንግዲህ መስከረም ሲጠባ አውጥቼ ማስነሣት ነው» አለች።

«ቀስ በይ። ያጠጣነው ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ነው ያለው። ካንዴላውን ፈትተሽ በእጅሽ አዙሪው፤ ዘይቱ ይውጣ። በዘይት የተሞላ ሞተር በማስነሻ ብትመቺው ዘይቱ ስለማይታመቅ ቢየላው ይጣመማል። ማርሚታውን የያዙትን ቡሎኖች አጥብቂ። መርፌውን ከለመድሽው ግማሽ ዙር ያህል ጨምረሽ ክፈቺ፤ የመጀመሪያውን ታንክ እያጨሰ ይጨርስ። ነዳጁም አዲስ ይሁን። ሰኔ ላይ በጎዶሎ ጀሪካን የተረፈው አየሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ሲጠጣ ነው የከረመው።»

«የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ ላስቀምጠው ነበር ያሰብሁት።»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ተለወጠ። ሜታኖል መልኩ ውኃ ነው፤ ጥቂት ጉንጭ ዓይን ያጠፋል፣ ትንሽ ከበዛ ይገድላል። ሲቃጠልም ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፤ እጅ እስኪነካው ድረስ እሳት መኖሩ አይታወቅም። ከመጣበት ዕቃ ወደ መጠጥ ዕቃ መገልበጥ አይገባም። የሚቀመጠው ክዳኑ ጠብቆ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከፀሐይና ልጅ ከሚደርስበት ርቆ ነው። ለክረምት ማትረፍ ካስፈለገም በትንንሽ ዕቃ እስከ አፉ መሙላት ይሻላል።

ተማሪዋ ኩሽኔታውን ለመለካት ካሊፐር ለመዋስ ተነሣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ጥያቄ ቀራት። ጓደኛዋ ጋ ባለ አራት ስትሮክ የሞዴል ሞተር አለ፤ የሱስ አያያዝ ይለያል?

«በካርቡራተሩ የገባው ዘይት እዚያኛው ሆድ ውስጥ በቀጥታ አይደርስም» አሉ ካሊፐሩን ከመሳቢያ እያወጡ። «ከሥሩ ቀጭን መተንፈሻ ቱቦ አለችው። ዘይቱን በሷ በኩል በመርፌ ግፊበት፤ እያዞርሽ። ቫልቮቹም እንዳይረሱ፣ ክዳናቸውን ፍቺና ጠብ ጠብ አድርጊባቸው። እሱንም ነገ ይዘሽው ነይ፤ ዝናቡ ሳይጀምር ሁለቱንም አንድ ላይ እናያቸዋለን።»